ድልድዩ ተጠገነ፣ ስንጥቁ ግን ሌላ ቦታ ነበር

«እንደ ዩጎዝላቪያ እንዳንሆን» የሚለው አባባል ለኢትዮጵያ የፖለቲካ ክርክር እንግዳ አይደለም። አንዱ ለማስጠንቀቅ፣ ሌላው ለማስፈራራት ይጠቀምበታል። ንግግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ አገሪቱ ፈረሰች ከሚለው አያልፍም። ከፈረሰች በኋላ ሕዝቡ እንዴት እየኖረ ነው? የተሰበረውስ ተጠግኗል? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ያለው በቦስኒያና ሄርዞጎቪና፣ ኔሬትቫ በተባለ አረንጓዴ ወንዝ ላይ በቆመ አንድ የድንጋይ ድልድይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋ ሞስታር ትባላለች። «ሞስት» በአገሬው ቋንቋ ድልድይ ማለት ነው፤ ስሟም የመጣው ከድልድይ ጠባቂዎቹ ነው። ከተማዋ በድልድይ ተወለደች ማለት ይቻላል።

ቀድሞ በቦታው የነበረው በሰንሰለት የተንጠለጠለ የእንጨት ድልድይ ነበር። በኦቶማኑ ሱልጣን ሱለይማን ዘመን በድንጋይ እንዲተካ ተወሰነ። ሥራው በ1557 ተጀምሮ በ1566 አለቀ። መሐንዲሱ የታላቁ ሲናን ደቀ መዝሙር የነበረው ሚማር ኸይሩዲን ነው። ድልድዩ መሐል ላይ ምሰሶ የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር 29 ሜትር ገደማ የሚዘረጋ አንድ ቅስት ብቻ ነው። ድንጋዮቹ በብረት ተቆላልፈዋል፤ በብረቱ ዙሪያ የቀለጠ እርሳስ ፈሶበታል። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ኸይሩዲን ቅስቱ ከወደቀ አንገቱ እንደሚቀላ ስለተነገረው፣ መወጣጫው እንጨት በተነሳበት ቀን የገዛ መቃብሩን ሲቆፍር ነበር።

ቅስቱ ግን አልወደቀም። ኦቶማኖች ሄዱ፣ የኦስትሪያና ሃንጋሪ ነገሥታት መጥተው ሄዱ፣ ሁለት የዓለም ጦርነቶች አለፉ፤ ድልድዩ ቆመ። የከተማዋ ወጣቶች ከ20 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው አናቱ ላይ ወደ ቀዝቃዛው ወንዝ እየዘለሉ ወኔያቸውን ሲያስመሰክሩበት ኖረዋል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያለፈው የኦቶማን ተጓዥ ኤቭሊያ ቸለቢ ይህን ዝላይ አይቶ ጽፏል። ዛሬም በየበጋው ውድድር ይደረግበታል።

በ1991 የሕዝብ ቆጠራ የሞስታር ነዋሪ ሲሶው ቦስኒያክ (ሙስሊም)፣ ሲሶው ክሮአት (ካቶሊክ)፣ አንድ አምስተኛ ገደማው ሰርብ (ኦርቶዶክስ) ነበር። ከአሥሩ አንዱ ደግሞ «ዩጎዝላቭ ነኝ» ብሎ ተመዝግቧል። በጋብቻ የተሳሰረ፣ ጎረቤቱን በስሙ እንጂ በብሔሩ የማይጠራ ሰው የሞላባት ከተማ ነበረች።

ጦርነቱ በ1992 ሲጀመር ክሮአቶችና ቦስኒያኮች አብረው ከሰርብ ኃይሎች ጋር ተዋጉ። በዓመቱ፣ በግንቦት 1993፣ ሁለቱ አጋሮች እርስ በርስ ተታኮሱ። በምዕራቡ ክፍል ይኖሩ የነበሩ ቦስኒያኮች ከቤታቸው እየተነዱ ወደ ምሥራቅ ተባረሩ፤ ወንዶቹ በእስር ካምፕ ታጎሩ። ምሥራቅ ሞስታር ተከበበች። ድልድዩ ለተከበቡት ወታደርም ሲቪልም መተላለፊያ ሆነ። ነዋሪዎች ከጥይትና ከመድፍ ለመከላከል አሮጌ ጎማ፣ ጣውላና ቆርቆሮ አለበሱት። ኅዳር 8 ቀን 1993 የክሮአት ኃይሎች ታንክ ይደበድበው ጀመር። በማግሥቱ ጠዋት ድልድዩ ወንዙ ውስጥ ገባ። 427 ዓመት ቆሞ ነበር።

የውድቀቱ ምስል በዓለም ቴሌቪዥኖች ሲታይ፣ አንድ ቀላል ትርጓሜም አብሮ ተሰራጨ፦ «ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን የሚያገናኘው ድልድይ ፈረሰ» የሚል። ያምራል፤ ግን ልክ አይደለም። በዚያን ጊዜ የድልድዩ ሁለቱም ጫፎች በቦስኒያኮች እጅ ነበሩ። ሁለቱን ወገኖች የለየው የጦር ግንባር ወንዙ አልነበረም፤ ከወንዙ በስተምዕራብ ጥቂት መቶ ሜትሮች ርቆ የሚገኘው «ቡሌቫር» የተባለው ሰፊ ጎዳና ነበር። ድልድዩ ሲፈርስ የተቆረጡት በምዕራቡ ዳርቻ በጠባብ ሰፈር የቀሩት ቦስኒያኮች ከምሥራቁ ወገኖቻቸው ነው።

ይህ ጥቃቅን የካርታ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። በኋላ የሆነውን ለመረዳት ግን ቁልፉ እሱ ነው።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ዓለም ድልድዩን ለማንሳት ተረባረበ። የዓለም ባንክና ዩኔስኮ መሩት፤ ቱርክ፣ ጣሊያን፣ ኔዘርላንድስና ክሮኤሺያ ገንዘብ ሰጡ። የሃንጋሪ ጦር ጠላቂዎች የወደቁትን ድንጋዮች ከወንዙ አወጡ። አብዛኞቹ ዳግም ለመሥራት ስለማይሆኑ ተመሳሳይ ድንጋይ ከአካባቢው ተፈልጦ በጥንቱ ጥበብ ተጠረበ። ድልድዩ ሐምሌ 23 ቀን 2004 በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ፤ በዓመቱ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። «የእርቅ ምልክት» ተባለ።

ዛሬ ጎብኚው በተወለወለው ድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ ይሻገራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከጠላቂዎቹ አንዱ እስኪዘል ይጠብቃል። ከዚያ በእግሩ አሥር ደቂቃ ያህል ወደ ምዕራብ ቢራመድ ቡሌቫር ላይ ይደርሳል። እዚያ በጥይት የተበሳሱ ሕንጻዎች ከጦርነቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት እንዳሉ ቆመዋል። ድልድዩ የተጠገነው የፈረሰበት ቦታ ላይ ነው፤ የከተማዋ ስንጥቅ ግን እዚህ ነበር።

ስንጥቁ በግንብ ሳይሆን በተቋም ነው የቀጠለው። ከቡሌቫሩ አጠገብ ያለው ስመ ጥር ጂምናዚየም ከጦርነቱ በኋላ ታድሶ የሁለቱም ወገን ልጆች ገቡበት። ሆኖም በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሥርዓተ ትምህርት ይሰጣል፤ አንዱ በክሮአትኛ፣ ሌላው በቦስኒያኛ። ያለ አስተርጓሚ የሚግባቡ ልጆች በተለያየ ክፍል የተለያየ ታሪክ ይማራሉ። ከተማዋ ሁለት ዩኒቨርሲቲ አላት። እግር ኳሷም ሁለት ነው፦ ክሮአቱ ዝሪንስኪን፣ ቦስኒያኩ ቬሌዥን ይደግፋል።

ከሁሉም የሚገርመው ምርጫው ነው። ሞስታር ከ2008 በኋላ ለ12 ዓመታት የአካባቢ ምርጫ አላካሄደችም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የከተማዋ የምርጫ ደንብ ጉድለት እንዳለበት በ2010 ቢወስንም፣ የሁለቱ ወገኖች ፓርቲዎች አዲስ ደንብ ላይ መስማማት አቃታቸው፤ ወይም አለመስማማቱ ተመቻቸው። ነገሩን ያንቀሳቀሰችው ኢርማ ባራሊያ የተባለች የከተማዋ ፖለቲከኛ ናት። «የመምረጥ መብቴ ተነፈገ» ብላ የአውሮፓ ሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ በ2019 ረታች። በታኅሣሥ 2020 ሞስታር መረጠች። ለዚያች ከተማ ይህ ከድልድዩ ምረቃ የሚያንስ ድልድይ አልነበረም፤ ግን ፎቶ አይነሳም።

ፍትሑም ቢሆን ሁሉንም አላስማማም። የሄጉ የዩጎዝላቪያ ጦር ወንጀሎች ፍርድ ቤት በ2013 የድልድዩን መፍረስ ወንጀል ነው ብሎ ነበር። በ2017 ይግባኝ ሰሚው ችሎት በአብላጫ ድምፅ፣ ድልድዩ ያኔ ወታደራዊ ዒላማ ነበር በማለት ይህን አንዱን ነጥብ ሻረው። ሕዝብን በማፈናቀልና በሌሎች ወንጀሎች የተሰጠው ቅጣት ግን ጸና። ከተፈረደባቸው አንዱ የነበረው ጄኔራል ስሎቦዳን ፕራልያክ ውሳኔው ሲነበብ እዚያው ችሎት ፊት መርዝ ጠጥቶ ሞተ። ለከፊሉ ሕዝብ ወንጀለኛ፣ ለከፊሉ ጀግና ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ የሞስታር ትምህርት «ድልድይ እንሥራ» የሚለው የተለመደ ስብከት አይደለም። ከጦርነት በኋላ የሚታየውን መጠገን ቀላሉ ነው፤ ለጋሽ ይገኛል፣ ሪባን ይቆረጣል። ከባዱ ስንጥቁ በትክክል የት እንዳለ ማወቅ ነው፤ በክፍል ውስጥ፣ በታሪክ መጽሐፍ፣ በምርጫ ደንብ፣ ከመከፋፈሉ በሚጠቀሙ ሰዎች ወንበር ሥር። እዚያ ካልተደረሰ፣ ድንጋዩ የቱንም ያህል ቢያምር ሰው የሚሻገረው ወደ ራሱ ወገን ብቻ ነው።

በአሮጌው ድልድይ ጫፍ «93ን አትርሱ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ድንጋይ አለ። የሞስታር ልጆች ዓመቱን አልረሱትም። ያጡት አብረው የሚያስታውሱበት አንድ ክፍል ነው።