ስለ ጦርነት ፎቶግራፍ መጻሕፍት አሰባሰብ

በአዲስ አበባ ደቡብ ያለው ንፋስ ስልክ፣ ዛሬ ከላፍቶ ጋር አንድ ክፍለ ከተማ የሆነው፣ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ ወሬ ከሚያስተላልፈው ሬዲዮ ነው። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ የውጭ ጋዜጠኞች ወሬያቸውን ከአዲስ አበባ በሬዲዮ ይልኩ ነበር። ፎቶግራፍ ግን በነፋስ አይሄድምና በምድር ባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ይጓዝ ነበር።

ከዚያ ጦርነት ሥዕሎች ብዙዎቹ ኋላ በመጽሐፍ ታትመዋል። እነዚህን መጻሕፍት የሚሰበስብ ሰው ሥዕሉን ማን እንዳነሣው፣ ከግርጌው ያለውንም ቃል ማን እንደጻፈው አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል እንላለን። በኢጣሊያ በኩል ሥራውን የመራው ሉቼ የተባለው የመንግሥት ድርጅት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክፍል አቋቁሞ ነበር። በዚያ ዘመን በኢጣሊያ የታተሙት መጻሕፍት መንገድ ሲጠረግ፣ ድልድይ ሲሠራ፣ ሐኪም በሽተኛ ሲያክም ያሳያሉ። የመርዝ ጋዝ ግን አይታይባቸውም። ማርሻል ባዶሊዮም እ.ኤ.አ. በ1936 ሙሶሊኒ መቅድም የጻፈለትን የጦርነቱን መጽሐፍ ሲያወጣ ስለ ጋዙ ዝም ብሎ አልፏል፤ የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ነገሩን ያመነው ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. ነው። ድልድዩስ በእርግጥ ተሠርቷል፤ ሰውን የሚያሳስተው ሳይታተም የቀረው ሥዕል ነው።

ከነጻነት በኋላ ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት በፈረንሳይኛ «የፋሺስት ኢጣሊያ ሥልጣኔ» የሚል ስም የሰጠውን ባለ ሁለት ቅጽ የፎቶግራፍ መጽሐፍ በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አሳተመ። አርእስቱ ምጸት መሆኑን ገጹን የገለጠ ሁሉ ያውቀዋል። የተሰቀሉትንና የተገደሉትን ሰዎች ከሚያሳዩት ከእነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹ ኢጣሊያውያን ራሳቸው ያነሷቸው ናቸው። ለማስታወሻ ወይም ለመመካት የተነሣው ሥዕል በሌላ ሰው እጅ ማስረጃ ሆነ። ኢትዮጵያም በተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ፊት ክስ አቀረበች፤ ነገር ግን ባዶሊዮም ግራዚያኒም በአገራችን ስላደረጉት ለፍርድ ሳይቀርቡ ሞቱ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በቤቱ ያለው ሰው ገጹን ቆርጦ በመስተዋት ባያስገባው እንመክራለን። (ዋጋ ያወጣል ብለው ሥዕሉን ብቻ ነጥለው የሚሸጡም አይጠፉም።) ከጽሑፉ የተለየ ሥዕል የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው ቢሉት፣ የሌላ ቀንና የሌላ አውራጃ ነው ቢሉት መልስ የለውም። ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቆ ማኖር፣ የታተመበትን ከተማና ዓመት፣ በዳሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ስም ቢኖር እሱንም ሳይፍቁ መመዝገብ ያስፈልጋል። ሥዕሉ የማን እንደሆነ ያልታወቀ እንደሆነ በ1955 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቢያሳዩት፣ ከሌሎች ቅጂዎች ጋር ለማስተያየት ይቻላል።