ከአሞሌ ጨው እስከ ፔሪዮዲክ ቴብል፦ የላስታ መንገድና ሁለት የዐረብኛ ስሞች



ላሊበላ ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ከዓለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። የላስታ ተራሮች ግን የነጋዴ መንገድም ነበሩ። የመንገዱ ትልቁ ጭነት ደግሞ ጨው ነበር።

ጨው የሚቆረጠው በአፋር ዝቅተኛ ስፍራ ነው። የአፋር ጠራቢዎች ልክ ያስይዙታል፤ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣል። ከዚያ በሰቆጣ ገበያ አድርጎ ወደ ላስታ፣ ወደ ወሎና ወደ ጎንደር ይሄድ ነበር። በዚህ ንግድ ጀበርቲ የሚባሉት ሙስሊም ነጋዴዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣውና ላሊበላንም ያየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከሚወጣበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል።

ለመሆኑ አሞሌው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ሶዲየምና ክሎሪን። ሶዲየም ውሃ ሲነካው የሚቆጣ ብረት ነው፤ ክሎሪን መርዛማ ጋዝ ነው። ሶዲየም 11 ኤሌክትሮን ሲኖረው የመጨረሻው በሦስተኛው ዛቢያ ላይ ብቻውን ነው። ያንን ለክሎሪን ሲሰጥ ሁለቱም ይረጋጋሉ፤ ወጥ የምናጣፍጥበት ጨው ይሆናሉ። ሶዲየም በተፈጥሮ ብቻውን የማይገኘውም ለዚህ ነው።

ተማሪዎች በቃል የሚሸመድዱት የፔሪዮዲክ ቴብል ሕግም ከዚህ ይጀምራል። በመጀመሪያው ምድብ ከሊቲየም ወደ ሶዲየም፣ ከሶዲየም ወደ ፖታሲየም ስንወርድ ዛቢያው ይጨምራል። የመጨረሻው ኤሌክትሮን ከኒውክሊየሱ ይርቃል፤ በመካከል ያሉትም ይጋርዱታል፤ ስለዚህ በቀላሉ ይለቃል። ሊቲየም ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀስ ብሎ ይፍለቀለቃል። ሶዲየም ቀልጦ ድቡልቡል ይሆንና በውሃው ላይ ይሯሯጣል። ፖታሲየም ግን ወዲያው በሐምራዊ ነበልባል ይቀጣጠላል። ምክንያቱን የያዘ ሰው ሽምደዳ አያስፈልገውም።

ብዙዎች «ሶዲየም ለምን በኤን-ኤ፣ ፖታሲየም ለምን በኬ ይጻፋል?» ይላሉ። የመጀመሪያው ናትሪየም ከሚለው ስም ነው፤ እሱም ነጥሩን ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። የቃሉ ሥር ግን ከዐረብኛም ቀድሞ በጥንታዊት ግብፅ ይገኛል። ሁለተኛው ካሊየም ከሚለው ነው፤ ይህም አል-ቀሊ፣ ማለትም የተቃጠለ ተክል አመድ ነው። እናቶቻችን ድስት የሚፈትጉበት አመድ ውስጥ ያለው ይኸው ፖታሲየም ነው። አልካሊ የሚለው ቃልም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

እዚህ ላይ ግን አማና አለብን። አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው «እነዚህን ብረቶች ያገኙት ሙስሊሞች ናቸው» ይላሉ። ትክክል አይደለም። አቡበክር አር-ራዚን የመሰሉ ሊቃውንት ጨዎችንና ማዕድናትን በየመደባቸው ለይተው ጽፈዋል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሁለቱን ብረቶች ለይቶ ያወጣቸው ግን እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1807፣ በኤሌክትሪክ ኃይል። ቀደምቶቻችን ይህ መሣሪያ አልነበራቸውም። የሌላውን ድካም ለራስ መውሰድ ለኢስላም ክብር አይጨምርም፤ እውነቱ ይበቃናል።

ጨው ከአገራችን ወጣ፤ ስሙ በመድረሳ ከምንማረው ቋንቋ ሄደ፤ ብረቱን ሌሎች አወጡት። የፖታሲየም ጨው የሆነው ፖታሽም በዳሎል ምድር ሞልቷል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣሊያኖች ቆፍረው በባቡር ወደ ቀይ ባሕር አጋዙት። መሬቱ የእኛ ነበር፤ ዕውቀቱ ግን በእነሱ እጅ ነበር።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ! ስም መውረስ ዕውቀት መውረስ አይደለም። አል-ቀሊ ዐረብኛ መሆኑን ሰምተን ደስ ከመሰኘት አልፈን የኬሚስትሪ ደብተራችንን እንክፈት። ያልገባንን እንጠይቅ፤ የገባን ለታናሹ ያስረዳ። ከመስጂድ ደርስ በኋላ ሁለት ሦስት ሆኖ ማጥናት ይቻላል፤ ወጪም የለውም።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፤ በተማርነውም የምንሠራ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።