ትንሽ ሽልማት፣ ረጅም ዕድሜ

በ1959 መባቻ (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ናቸው) ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ማስተላለፍ ጀመረ። ኮሌጅ ቦውል ይባላል፤ አራት አራት ተማሪዎች ያሏቸው ሁለት የኮሌጅ ቡድኖች ተቀምጠው ይጠየቃሉ። ጊዜው ለእንዲህ ያለ ዝግጅት ጨርሶ የሚመረጥ አልነበረም። ያን ሰሞን በአሜሪካ የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ማለት የማጭበርበር ሌላ ስሙ ሆኖ ነበር። ብዙ ሺህ ዶላር ይሸልሙ የነበሩት ዝነኛ ዝግጅቶች በተርታ ተዘግተዋል፤ ኒውዮርክ ላይም ዐቃቤ ሕግ ምስክር ሲያሰማ ከርሟል። ይሁን እንጂ ትልልቆቹ በወደቁበት ሜዳ ይህኛው ቆሞ እስከ 1970 ዘለቀ፤ እንግሊዝ ውስጥ ከእሱ የተቀዳው ዝግጅት ደግሞ ዛሬም በቴሌቪዥን ይታያል። የቡድን ጥያቄና መልስ የተረፈው ከሌሎቹ የበለጡ ዐዋቂዎችን ስለሰበሰበ አይደለም። የተረፈው መልስን ከአንድ ሰው ሀብትነት አውጥቶ የምክክር ውጤት ስላደረገው፣ ሽልማቱንም ለሌብነት እስከማያጓጓ ድረስ ስላሳነሰው ነው ብዬ እከራከራለሁ።

መጀመሪያ የወደቁትን እንይ። በ1955 የጀመረው የ64 ሺህ ዶላሩ ጥያቄ የተባለ ዝግጅት አንድን ተራ ሰው በአጭር ጊዜ ባለጸጋ ሲያደርገው የሚያሳይ ነበርና ተመልካቹን እንደ ጉድ ሰበሰበ። ሌሎች ጣቢያዎችም ተመሳሳይ ዝግጅቶች ይዘው ተከተሉ። ከእነሱ አንዱ፣ በኤንቢሲ ይተላለፍ የነበረው ትዌንቲ ዋን፣ ሁለት ተፎካካሪዎችን ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ ለየብቻቸው ይዘጋባቸዋል። ጆሮአቸው ላይ ማዳመጫ፣ ግንባራቸው ላይ ላብ፤ ያ ሁሉ ለትያትር የተሰናዳ ነበር። በ1956 መገባደጃ ኸርበርት ስቴምፕል የተባለው አሸናፊ ለቻርልስ ቫን ዶረን ቦታውን እንዲለቅ በአዘጋጆቹ ታዘዘ። ቫን ዶረን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ መልከ መልካምና የታወቀ የጸሐፊዎች ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ተመልካች ይወደዋል፣ ለስፖንሰሩም ይመቻል። ስቴምፕል እንዲሳሳት ከታዘዘባቸው ጥያቄዎች አንዱ የ1955ን ምርጥ ፊልም የሚመለከት ነበር፤ መልሱ ማርቲ እንደሆነ አሳምሮ እያወቀ ሌላ ፊልም ጠራ። ቫን ዶረን በስተመጨረሻ 129 ሺህ ዶላር ይዞ ወጣ። በኅዳር 1959 ደግሞ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ጥያቄውንም መልሱንም አስቀድመው ይሰጡት እንደነበር አመነ። በ1960 እንዲህ ያለ ማጭበርበር በፌዴራል ሕግ ወንጀል ሆነ። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው የአጭበርባሪዎቹ ክፋት ብቻ አይደለም፤ አሠራሩ ራሱ ለዚህ የተመቻቸ ነበር። መልሱ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ካለ፣ ለአንድ ሰው በሹክሹክታ መንገር ይበቃል። ተመልካቹ ሰውየው ሲያስብ አያይም፤ የሚያየው ሲጨነቅ ነው፣ ጭንቀት ደግሞ ይጠናል።

ኮሌጅ ቦውል ከዚህ የተለየ ትውልድ አለው። ዶን ሪድ የተባለ ሰው ያሰበው ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሰማው በጥቅምት 1953 በኤንቢሲ ሬዲዮ ነው። በዚያ የመክፈቻ ግጥሚያ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ኮሎምቢያን 135 ለ60 አሸነፈ። (ኮሎምቢያ በጥያቄና መልስ ታሪክ ውስጥ ዕድል የቀናው ተቋም አይመስልም።) የጨዋታው ብልሃት ያለው በሕጉ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የፈጣን ሰው ነው፤ ደወሉን ቀድሞ የተጫነ ብቻውን፣ ማንንም ሳያማክር ይመልሳል፣ 10 ነጥብም ለቡድኑ ያስገኛል። ይህን በር የከፈተ ቡድን ተከታዩን የቦነስ ጥያቄ ያገኛል፤ ያን ግን አራቱም ራስ ለራስ ገጥመው ይመካከሩበታል፣ የተስማሙበትንም አምበሉ ይናገራል። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሁለት ዓይነት ችሎታ ይፈተናል ማለት ነው፦ የአንዱ ቅልጥፍናና የአራቱ መደማመጥ። ተመልካቹ በምክክሩ ጊዜ አንዱ ሲጠራጠር፣ ሌላው ሲያርመው፣ ሦስተኛው ዝም ሲል በዓይኑ ያያል፤ ይህን ለአራት ሰው አስጠንቶ በየሳምንቱ ማስመሰል ለአንድ ሰው ላብ እንደማስጠናት ቀላል አይደለም። ገንዘቡም ሌላ ነው። በቴሌቪዥኑ የመጀመሪያ ዓመታት አሸናፊው ቡድን በየሳምንቱ የሚያገኘው 1,500 ዶላር፣ ተሸናፊው 500 ዶላር ሲሆን፣ ያውም ለትምህርት ድጋፍ እንጂ ለተማሪው ኪስ አልነበረም። ተማሪው የሚያተርፈው የትምህርት ቤቱን ስም ማስጠራት ነው። በ1966 ጆርጂያ ውስጥ ያለ አግነስ ስኮት የተባለ ትንሽ የሴቶች ኮሌጅ ታላቁን ፕሪንስተንን በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ሲያሸንፍ፣ ድሉ ዛሬም ድረስ በኮሌጁ ታሪክ ውስጥ የሚነገር ሆኖ ቀረ። የትኛውንም የገንዘብ መጠን ይህን ያህል ጊዜ የሚያስታውሰው የለም።

ሕጉ ባሕር ተሻግሮ በመስከረም 1962 ግራናዳ በተባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ዩኒቨርሲቲ ቻሌንጅ ሆኖ ተጀመረ። ባምበር ጋስኮይን እስከ 1987 መራው፤ በ1994 በቢቢሲ ሲመለስ ጄረሚ ፓክስማን ተረክቦ እስከ 2023 ጠየቀ፤ አሁን ወንበሩ የአሞል ራጃን ነው። በስድሳ ዓመት ውስጥ ሦስት ጠያቂ ብቻ! እዚህ ለክርክሬ የሚጠቅመኝ ግን የውዝግቦቹ ዓይነት ነው። በ1975 የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቡድን ለሚጠየቀው ጥያቄ ሁሉ ማርክስ፣ ሌኒን፣ ትሮትስኪ፣ ቼ ጉቬራ እያለ መመለስ ጀመረ። ቅሬታው፣ ሌላው ዩኒቨርሲቲ አንድ ቡድን ብቻ ሲያሰልፍ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ኮሌጆቻቸውን ለየብቻ ማሰለፋቸው ፍትሐዊ አይደለም የሚል ነበር። በ2009 ደግሞ የኦክስፎርዱ ኮርፐስ ክሪስቲ ኮሌጅ ዋንጫውን ካነሳ በኋላ፣ ከአባላቱ አንዱ ውድድሩ ሳያልቅ ተማሪነቱ ማብቃቱ ታውቆ ድሉ ተሰረዘበት፤ ዋንጫው የሄደው ወደ ማንቸስተር ነው። በትዌንቲ ዋን ዘንድ ጸቡ መልሱን ማን ሰረቀ የሚል ነበር፤ በቡድኑ ጨዋታ ጸቡ ማን ለማን ተሰለፈ የሚል ሆነ። ሁለተኛው ጸብ የእግር ኳስ ሰው የሚያውቀው ዓይነት ነው፤ ጨዋታውን አይገድለውም፣ እንዲያውም ደጋፊ ያበዛለታል።

የቴሌቪዥኑ ነገር ይብቃ፤ የቡድኑ ጨዋታ በብዛት የኖረው መጠጥ ቤት ውስጥ ነውና። የእንግሊዝና የአየርላንድ መጠጥ ቤት ክርክር ቀድሞም መዝገብ ያስጻፈ ነው። በ1951 የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሰር ሂው ቢቨር አየርላንድ ውስጥ ለአደን ወጥተው ሳለ፣ በአውሮፓ ከሚታደኑ ወፎች ፈጣኑ የትኛው እንደሆነ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ተከራከሩ፤ መጽሐፍ ቢያገላብጡ መልስ ጠፋ። እንዲህ ያለ ሙግት በየመጠጥ ቤቱ ስንት ጊዜ ይነሣ ይሆን ብለው፣ የማክዋርተር መንትዮችን አሠርተው በ1955 የጊነስን የክብረ ወሰን መጽሐፍ አወጡ። ያው መጽሐፍ ያን ዓመት ለገና በሽያጭ አንደኛ ሆነ። በሊቨርፑል አካባቢ ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የመጠጥ ቤት ቡድኖች በሊግ ይጋጠሙ ነበር። በ1976 ደግሞ ሻሮን በርንስና ቶም ፖርተር የተባሉ ሁለት አዘጋጆች በደቡብ እንግሊዝ 32 ቡድኖችን በሦስት ሊግ አሰለፉ፤ ለባለቤቶቹ የሚሸጡት ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ጠጪ በማይበዛበት ማታ ጥያቄና መልስ ካለ ወንበሩ ይሞላል። ሐሳቡ ሠራ፤ ቡድኖቹ በስተኋላ በሳምንት 10 ሺህ ያህል ደረሱ። ሽልማቱ የመጠጥ ሒሳብ ወይም ትንሽ ገንዘብ ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ልጆች እንቆቅልሽ ሲጫወቱ መልሱ የጠፋበት የሚከፍለው አገር ነው፤ ጎንደርን ወይም ሸዋን ሰጥቶ ይገላገላል፣ ጠያቂውም በተሰጠው አገር ነግሦ ሲቀልድበት ያመሻል። በትምህርት ቤት ክፍል ከክፍል፣ ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት የሚጋጠሙበት የጥያቄና መልስ ውድድርም ሲሸልም የኖረው ደብተርና እስክሪብቶ፣ ቢበዛ መዝገበ ቃላት ነው። ለደብተር ብሎ የፈተና ወረቀት የሚሰርቅ የለም ማለቴ አይደለም፤ ግን ለደብተር ብሎ ዝግጅቱን በሙሉ የሚያጭበረብር አዘጋጅ አይገኝም።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፦ ትልቅ ገንዘብና ብቸኛ ተወዳዳሪ እንዲህ የከሸፉ ከሆነ፣ በመስከረም 1998 እንግሊዝ ውስጥ ተጀምሮ በብዙ አገሮች የተቀዳው ሚሊየነር ለመሆን የሚፈልግ ማነው የተባለው ዝግጅት እንዴት ዓለምን አዳረሰ? ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው አንድ ሰው፣ ሽልማቱም አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ሰው በሌላው ዕድል መጓጓቱ በ1959 አልሞተም። ግን የዝግጅቱን ሕግ ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ብቸኝነቱ የይምሰል ነው። ተወዳዳሪው ሲጨንቀው የአዳራሹን ሕዝብ ይጠይቃል፣ ለወዳጁም ስልክ ይደውላል፤ ዝግጅቱ በደጃፍ የሸኘውን ቡድን በመስኮት ያስገባል። ተመልካች አብዝቶ የሚያስታውሰውም እነዚያን የምክክር ጊዜያት ነው። ሚሊዮኑ ደግሞ የፈራነውን አላስቀረም። በ2001 ቻርልስ ኢንግራም የተባለው የጦር ሻለቃ ሚሊዮኑን አገኘ ከተባለ በኋላ፣ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል የተቀመጠ ሌላ ሰው በትክክለኛው መልስ ላይ እየሳለ ይጠቁመው እንደነበር ተከስሶ በ2003 ጥፋተኛ ተባለ። ገንዘቡም አልተከፈለውም። ሽልማቱ ባደገ ቁጥር የሚፈተነው ዕውቀቱ ሳይሆን ጥበቃው ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ ጎን ይመጣል። ገንዘብ በሌለበትም ይሰረቃል፤ በ2013 የአሜሪካው የኮሌጆች ውድድር አዘጋጅ ድርጅት ሃርቫርድ ከ2009 እስከ 2011 ያገኛቸውን አራት የብሔራዊ ሻምፒዮና ድሎች ሰርዞበታል። ምክንያቱ ለድርጅቱ ጥያቄ ይጽፍ የነበረ የሃርቫርድ ተጫዋች፣ ጥያቄዎቹን በከፊል የሚያሳዩ ገጾችን አስቀድሞ መክፈቱ መታወቁ ነው። ይህን መካድ አይቻልም፤ ክብርም ይሰረቃል። ግን ልዩነቱን እንመዝን። በ1950ዎቹ የሰረቁት ሕጉን እንዲጠብቁ የተቀመጡት አዘጋጆች ራሳቸው ነበሩ፤ በ2013 አዘጋጁ የራሱን መዝገብ መርምሮ፣ የራሱን ትልቅ ስም ያለው ሻምፒዮን ከዙፋኑ አወረደ። ስፖንሰር የሚያስከፋ፣ ተመልካች የሚያሸሽ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ ይደፍረው እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ሽልማት ሲያንስ ዳኛ ነጻ ይሆናል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የምሁራን ነው፦ ይህ ሁሉ ሽምደዳ እንጂ ዕውቀት አይደለም፤ የወንዝ ርዝመትና የንጉሥ ስም የቆጠረ ሰው ምን አወቀ? በብቸኛው ጨዋታ ላይ ከተባለ እቀበለዋለሁ። የመልስ ወረቀቱ እዚያ የመጨረሻ ዳኛ ነው፤ ወረቀቱ ሲሳሳት ምን እንደሚሆን ደግሞ ፍሬድ ዎርዝ የተባለው አሜሪካዊ አሳይቷል። የጠቅላላ ዕውቀት መጽሐፉን የሚገለብጥ ሌባ ለመያዝ፣ ኮሎምቦ የተባለው የቴሌቪዥን መርማሪ ስሙ ፊሊፕ ነው የሚል ፈጠራ አስገባበት። በ1979 ካናዳ ውስጥ የተፈጠረው ትሪቪያል ፐርሱት የተባለው ጨዋታ ያንኑ ፈጠራ እንደ እውነት ጠየቀ። ዎርዝ 300 ሚሊዮን ዶላር ይገባኛል ብሎ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ ግን መረጃ ማንም የሚወስደው ነው ብሎ ክሱን ጣለው። በየቤቱ ጨዋታውን የተጫወቱ ሰዎችም ፊሊፕ ብለው ሲመልሱ ትክክል ተባሉ። የምክክሩ ጥያቄ ግን ከሽምደዳ ሌላ ነገር ይሻል። ከአራቱ አንዱ ግማሹን ያውቃል፣ ሌላው ሩቡን፤ አንዱ የማያውቀውን በድፍረት ይናገራል፣ ሌላዋ የምታውቀውን በፍርሃት ታልጎመጉማለች። አምበሉ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ የማን እርግጠኝነት እንደሚታመን መፍረድ አለበት። ይህ የሐኪሞች ቡድንም፣ የዳኞች ችሎትም፣ የመንደር ሽማግሌዎችም የሚያስፈልጋቸው ችሎታ ነው፤ በሽምደዳ አይገኝም።

ዛሬ በየኪሱ ያለው ስልክ መልስን ሁሉ በሴኮንድ የሚያቀርብ ስለሆነ፣ የመጠጥ ቤቱ ጨዋታ ከምንጊዜውም ይልቅ በተጫዋቹ ህሊና ላይ ቆሟል፤ ስልክ ይዘጋ ከማለት በቀር የሚፈትሽ ፖሊስ የለም። ዩኒቨርሲቲ ቻሌንጅም እስካሁን ለአሸናፊው የሚሰጠው ዋንጫ እንጂ ገንዘብ አይደለም። በትምህርት ቤቶቻችን የጥያቄና መልስ ውድድር የምታዘጋጁ መምህራን ሆይ፦ ደወሉን ለፈጣኑ ተማሪ አስቀሩለት፣ ግን ከጥያቄዎቹ ግማሹን ለምክክር ተዉ፤ የመልስ ወረቀቱን የሚሞግት ቡድን ማስረጃ የሚያቀርብበት ደንብ አስቀምጡ፤ ባለሀብት ስፖንሰር ላፕቶፕ ልሸልም ቢላችሁ ደግሞ ለቤተ መጻሕፍቱ ያድርገው በሉት።