ከልኬት ወደ ድርሻ፦ በሰዋድ የኸራጅ አስተዳደር የታዩ ለውጦች

የመንግሥት ፍትሕ ከሚፈተንባቸው መስኮች አንዱ የግብር አሰባሰብ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ ሰዋድ በተባለው በጤግሮስና በኤፍራጥስ በሚጠጣው የኢራቅ ለም ምድር፣ ኸራጅ የተባለው የመሬት ግብር አስተዳደር እንዴት እንደ ተለወጠ እንመለከታለን።

ሰዋድ በሙስሊሞች እጅ ሲገባ መሬቱ ለዘማቾች እንዲከፋፈል የጠየቁ ነበሩ። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ግን ከሰሐቦች ጋር ተማክረው፣ የሱረቱል ሐሽርን አንቀጾች ማስረጃ አድርገው፣ ለመጪው ትውልድ በማሰብ ጥያቄውን አልተቀበሉም። መሬቱ በነባር አራሾቹ እጅ ቀረ፤ ኸራጁም ለበይተል ማል ሆነ። ዑስማን ኢብኑ ሑነይፍ ምድሩን ለክተው 36 ሚሊዮን ጀሪብ እንዳገኙ ተዘግቧል። ስለ ግብሩ መጠን ዘገባዎች ቢለያዩም፣ ከታወቁት አንዱ በየጀሪቡ 1 ዲርሃምና 1 ቀፊዝ እህል ይላል።

የግብሩ መዝገብ እስከ ኸሊፋ ዐብዱል መሊክ ዘመን (እ.ኤ.አ. 685–705) በፋርስኛ ይያዝ ነበር። በገዥው አል-ሐጃጅ ጊዜ ሷሊሕ ኢብኑ ዐብዱረሕማን ወደ ዐረብኛ መለሰው። የመዝገቡ ቋንቋ ቢለወጥም የአራሹ ሸክም በዚህ አልቀለለም።

ችግሩ ከስሌቱ ላይ ነበር። በስፋት የተተመነ ግብር ምርት ቢበዛም ቢያንስም አይለወጥም፤ ስለዚህ የድርቁና የጎርፉ ኪሳራ ሁሉ የሚያርፈው ከአራሹ ጫንቃ ላይ ነው። በዐባሲያው ኸሊፋ አል-መህዲ ዘመን (775–785) ሙቃሰማ፣ ማለትም ከተገኘው ምርት ድርሻ መውሰድ፣ ሥራ ላይ ዋለ። በዚህም ግምጃ ቤቱ ኪሳራውን ከአራሹ ጋር ተጋራ።

በ798 የሞቱት ቃዲ አቡ ዩሱፍ ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት «ኪታብ አል-ኸራጅ» ይህንኑ መንገድ ደግፈው ድርሻው እንዲቀል መከሩ፦ ያለ ድካም ውኃ ከሚያገኝ የስንዴና የገብስ ማሳ ሁለት አምስተኛ፣ ውኃ በባልዲ እየተቀዳ ከሚጠጣው ሦስት ዐሥረኛ። አራሹ ውኃ ለማውጣት የሚያፈሰው ጉልበት እንዲህ በግብሩ ውስጥ ታሰበለት።

ይሁን እንጂ ቃዲው በድርሻው መጠን ብቻ አልረኩም። ቀባላን፣ ማለትም አንድ ሰው ለመንግሥት ቁርጥ ገንዘብ ለመክፈል ተዋውሎ ግብሩን ለራሱ የሚሰበስብበትን አሠራር፣ አጥብቀው ተቃወሙ። ተቋራጩ የከፈለውን ከነትርፉ ለመመለስ አራሹን ያስጨንቃል፤ የተጨነቀ አራሽ መሬቱን ጥሎ ይሄዳል፤ መሬቱ ጠፍ ሲሆን ግምጃ ቤቱም ይራቆታል። ስለ ግብር ሰው እንዳይደበደብ፣ የሰብሳቢዎችንም አድራጎት የሚመረምሩ ታማኝ ሰዎች እንዲላኩ አሳሰቡ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ የግብር ፍትሕ በመጠኑ ብቻ እንደማይለካ ነው። ኪሳራውን ማን ይሸከማል? ሰብሳቢውንስ ማን ይቆጣጠራል? የሰዋድ ለውጦች ክብደታቸው የሚታወቀው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሲመዘኑ ነው።