ያልተመዘገበው ስጦታ፦ ሠርግ፣ ውሃና የብድር ታሪክ

የዛሬው ርእሴ ከታሪክ መምህር የሚጠበቅ ላይመስል ይችላል። የምመረምረው ጥንዶች በሠርጋቸው ዕለት «ለእኛ ስጦታ ይቅርብን፤ በምትኩ ለንጹሕ ውሃ አዋጡልን» ብለው ተጋባዦቻቸውን የሚጠይቁበትን ልማድ ነው። ልማዱ በምዕራቡ ዓለም የታወቀ ነው። በእኛ ዘንድ ሲነሣ አንዱ «የፈረንጅ ነገር» ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው ሳይመረምር ያደንቀዋል። ሁለቱም ወገኖች የገዛ ሠርጋችንን ታሪክ በሚገባ አላዩትም እላለሁ፤ ምክንያቴንም በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስጦታው። በአማራው አገር የሠርግ ስጦታ ሲባል ብዙ ነገር በአንድ ስም ይጠራል። ሙሽራው ለሙሽራይቱ የሚያቀርበው ልብስና ጌጥ ጥሎሽ ነው። የሁለቱ ወገን ወላጆች ለአዲሱ ጎጆ መቋቋሚያ የሚሰጡት ከብትና እህል ሌላ ነው፤ ስሙም እንደየአካባቢው ይለያያል። ሦስተኛው ዘመድና ጎረቤት ይዞት የሚመጣው ነው፦ እህል፣ እንጀራ፣ ጠላ፣ ኋላም ገንዘብ። ትኩረቴ በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው። ተቀባዩ ስጦታውን ሲረከብ «ብድር መላሽ ያድርገን» ይላል። በዚህ ምርቃት ውስጥ ያለችው «ብድር» የምትል ቃል ለታሪክ ተመራማሪ ትልቅ ማስረጃ ናት፤ ሰጪውም ተቀባዩም ነገሩ አንድ ቀን እንደሚመለስ ያውቃሉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስጦታን ከውሎች መካከል መድቦታል፤ ስጦታ ሰውን ከሰው እንደሚያስተሳስር ግን ገበሬያችን ከሕጉ በፊት ያውቅ ነበር።

ብድር ደግሞ መዝገብ ይፈልጋል። የታላቅ እህቴ ሠርግ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሲደረግ የእንግዶች ስጦታ የተጻፈበት ደብተር እስከ ዛሬ በቤታችን አለ። ማን ስንት ብር፣ ማን ስንት ቁና ጤፍ፣ ማን በግ እንዳመጣ በሚነበብ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። አባቴ ከዚያ በኋላ ወደ ሰው ሠርግ ከመሄዳቸው በፊት ደብተሩን ያገላብጡ ነበር።

ይህን ደብተር እንደ ታሪክ ሰነድ ሳነበው የሚያስደንቀኝ በውስጡ የሌለው ነገር ነው። ጠላው የሚጠመቀው፣ ሊጡ የሚቦካው፣ ወጡ የሚሠራው፣ ዕቃው የሚታጠበው በውሃ ነው። ውሃው ከምንጭ እስከ ዳሱ በሴቶችና በልጃገረዶች ጀርባ፣ በእንስራ ይመጣ ነበር። ጥንስሱ ከሠርጉ አስቀድሞ ስለሚጀመር የጎረቤት ሴቶች ምልልስ ብዙ ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ድካም አንዲት መስመር እንኳ በደብተሩ የለችም። በግ ያመጣው ሰው ብድሩ ተመልሶለታል፤ ውሃ ያመላለሰችው ልጅ ስሟ አልተጻፈም።

የመጀመሪያው መከራከሪያዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ ውሃ ለሠርጋችን እንግዳ ስጦታ አይደለም። ከሁሉም ቀድሞ ይሰጥ የነበረ፣ ማንም ያልመዘገበው ስጦታ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃዬ ከቅርባችን፣ ከእንጦጦ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ይህ ሰንሰለታማ ተራራ የዓባይንና የአዋሽን ተፋሰሶች ይለያል። ዳግማዊ ምኒልክ በዚያ ሲከትሙ ቦታው ለጥበቃ የተመቸ ነበር፤ ብርዱና የማገዶው እጥረት ግን ኑሮን አከበደው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃው አጠገብ አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ ከተማዋ ገና ከመነሻዋ ውሃን ተከትላ ተተከለች። በ1880ዎቹ ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ አውርዶ ቤተ መንግሥቱ አስገባ።

ያ ቧንቧ የሥልጣኔ ምልክት ተደርጎ ይወሳል፤ እውነትም ነው። ሆኖም መስመሩን ልብ በሉት፦ ከተራራው ተነሥቶ ወደ አንድ ግቢ ነው የገባው። ሌላው ነዋሪ ከወንዝ፣ ከምንጭና ከጉድጓድ መቅዳቱን ቀጠለ። ኋላ የገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያም የለገዳዲ ግድቦች ተሠርተው ውሃው ወደ ሰፈሮች ሲዘረጋ እንኳ ብዙው ድኻ የሚቀዳው ከቦኖ ተሰልፎ ነበር። በየዘመኑ ቧንቧው ቀድሞ የደረሰው አቅምና ሥልጣን ወዳለበት ነው። ቧንቧው ባልደረሰበት ቤት ተሸካሚዋ ሴት ነበረች።

በዚያው ተራራ ላይ ግን ሌላም ሥርዓት አለ። ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል የሚሄድ ሰው ሀብታምም ሆነ ድኻ ወደ አንድ ውሃ ይቀርባል። ጸበል አይሸጥም፤ የእኔ ነው የሚለው ባለቤትም የለውም። በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድም ለሕዝብ ጉድጓድ ማስቆፈር ሰደቃ ጃሪያ፣ ማለትም ሰጪው ከሞተ በኋላ እንኳ ምንዳው የማይቋረጥ ምጽዋት ነው። ውሃን ለማያውቁት ሰው መስጠት በሁለቱም እምነቶች የቆየ ትምህርት ነው። ስለዚህ «የፈረንጅ ነገር» የሚለው አባባል በታሪክ ፊት አይጸናም።

ያለ ጥያቄ ወደሚያደንቁት ወገኖች ልመለስ። ስጦታን በውሃ የመተካት ዘመናዊ ልማድ በስፋት ከታወቀባቸው መንገዶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2006 በኒው ዮርክ የተቋቋመው ቻሪቲ ዋተር የተባለ ድርጅት ነው። ሰዎች የልደት ስጦታቸውን ትተው ወዳጆቻቸው ለጉድጓድ እንዲያዋጡ ያበረታታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የምትኖር አንዲት ሕፃን ለ9ኛ ልደቷ 300 ዶላር ለማሰባሰብ አስባ 220 ዶላር አገኘች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በመኪና አደጋ ሞተች። ዜናውን የሰሙ ሰዎች በስሟ ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ፤ ገንዘቡም በትግራይ የውሃ ተቋማት ተሠሩበት።

ይህ ታሪክ ልብ ይነካል። የታሪክ ተማሪ ግን ቀጥሎ መጠየቅ አለበት፦ ጉድጓዱ ከተመረቀ በኋላስ? የእጅ ፓምፕ ጎማው ይበላል፣ ዘንጉ ይሰበራል፣ መለዋወጫው በወረዳው ከተማ አይገኝም። ያን ጊዜ እንስራው ወደ ጀርባ ይመለሳል። የ1991 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ በገጠር የማስኬጃና የጥገና ወጪን ተጠቃሚው እንዲሸፍን ያዘዘው ለዚህ ነው። በየመንደሩ የሚቋቋመው የውሃ ኮሚቴ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ጠባቂ ይቀጥራል፣ ብልሽት ያስጠግናል። ድርጅቱ ራሱ በኋላ በሰሜን ኢትዮጵያ ፓምፖች ላይ ውሃው መፍሰሱን ከርቀት የሚያሳውቁ መሣሪያዎችን መግጠሙ፣ ምርቃት ብቻውን እንደማይበቃ መረዳቱን ያሳያል። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነትም የትግራይን የውሃ ተቋማት ክፉኛ ጎድቷል፤ የተሰጠ ውሃ መልሶ ሊደርቅ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የአባቴ ደብተር ለዘመናዊው ልማድ የሚያስተምረው ነገር አለ። የሠርግ ስጦታችን ጥንካሬ በመመዝገቡና ለዓመታት በመከታተሉ ነበር። በአንድ ቀን ተሰጥቶ የሚረሳ ገንዘብ ይህ ጥንካሬ የለውም። ሕዝባችን ለውሃ ሲያዋጣ ሁለቱንም መንገዶች አይቷል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ የሕዳሴ ግድብ መሠረት ከተጣለ በኋላ አንዳንዱ በ8100 አጭር መልእክት ለገሰ፤ አንዳንዱ ቦንድ ገዛ። ቦንድ ብድር ነው፤ የሚመለስበት ቀን የተጻፈበት። ሙሽሮች በሠርጋቸው ሰሞን ወደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሄደው ደስታቸውን ከተረጂዎች ጋር መካፈላቸውም ሠርጋችን ለሌላው ወገን በር እንዳለው ያሳያል።

አንድ ተቃውሞ በቀላሉ አይታለፍም። ከገጠር የሚመጣ አጎት ለእናንተ ሠርግ የሚሰጠው አባታችሁ ለልጁ ሠርግ የሰጡትን ነው። «ስጦታ አንቀበልም» ስትሉት ብድሩን እንዳይመልስ ትከለክሉታላችሁ፤ ይህም ክብሩን ይነካል። ደግሞም ጎጆ የሚወጡ ብዙ ጥንዶች ድስትና ብርድ ልብስ በእርግጥ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ልማዱን ሁሉም እንዲከተለው አልመክርም። የሚከተለው ግን በአገራችን ደብተር ሥርዓት ይከተለው እላለሁ፦ የአጎቱ ብርም በስሙ ይጻፍ፤ ገንዘቡ የደረሰበት መንደር ይታወቅ፤ ለግንባታው ከሚውለው ላይ ለመለዋወጫ ተቀንሶ በኮሚቴው እጅ ይቀመጥ፤ ጥንዶቹም የጋብቻቸው ዓመት በዞረ ቁጥር ቧንቧው ይፈስስ እንደ ሆነ ይጠይቁ።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል በቅርቡ የሚያገባ ይኖራል። ለውሃ ብታዋጡ ለድኻ እንደምትመጸውቱ አትቁጠሩት። ለወላጆቻችሁና ለአያቶቻችሁ ሠርግ ውሃ ያመላለሱ፣ ስማቸው በማንም ደብተር ያልሰፈረ ሴቶች አሉ፤ እነርሱ ለሰጡት ብድር መላሽ ናችሁ። ሠርጉ ካለፈ ከዐሥር ዓመት በኋላ በዚያች መንደር ያለች ልጅ በማለዳ እንስራ አዝላ ወደ ወንዝ በመውረድ ፋንታ ትምህርት ቤት ከዋለች፣ ያን ጊዜ ብድሩ ተከፍሏል ማለት ይቻላል።