የኮይ ኩሬ ማጣሪያ

የኮይ ኩሬ ማጣሪያ ኮይ የሚባሉት ባለ ቀለም ዓሦች የሚኖሩበትን ውኃ በፓምፕ እያዞረ ቆሻሻውን የሚይዝ፣ በውኃው ውስጥ የሟሟውንም መርዛማ አሞኒያ በባክቴሪያዎች አማካይነት ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። በቤት ግቢ ለሚሠሩና ከ1,000 እስከ 10,000 ሊትር ለሚይዙ አነስተኛ ኩሬዎች ብዙውን ጊዜ ሁሉም ክፍሎች በአንድ ሳጥን ወይም በርሜል ውስጥ የተጠቃለሉበት ጥቅል (ኮምፓክት) ማጣሪያ ይመረጣል።

ማጣሪያው ውኃውን ለዓይን ማጥራቱ ብቻ አይበቃም። አሞኒያ ቀለም ስለሌለው ወለሉ ድረስ ጥርት ብሎ የሚታይ ውኃ ዓሣ ሊገድል ይችላል። አረንጓዴ የመሰለ ውኃ ደግሞ ለዓሣው ጤናማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማጣሪያ የሚመረጠውም የሚጠበቀውም በዋናነት በውስጡ ለሚኖሩት ባክቴሪያዎች ተብሎ ነው።

ኮይ እና ኩሬው

ኮይ በጃፓንኛ ካርፕ ማለት ነው። ባለ ቀለሙ ዓይነት ሙሉ ስሙ ኒሺኪጎይ ይባላል። የጃፓን ኒጋታ አካባቢ ሩዝ ገበሬዎች በረዶ ለሚበዛባቸው ወራት ምግብ እንዲሆናቸው ካርፕ ያረቡ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ገደማ ቀለም ይዘው የተፈለፈሉትን እየለዩ ማራባት ጀመሩ። ኮይ በ1914 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ በተካሄደው የታይሾ ኤግዚቢሽን ላይ ከቀረበ በኋላ በመላ ጃፓን ታወቀ።

ኮይ ለአነስተኛ ኩሬ ከባድ ዓሣ ነው። በጥሩ ይዞታ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። እንደ ሌሎች የካርፕ ወገኖች ጨጓራ ስለሌለው ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ይመገባል። ወለሉንም በአፉ እየቆፈረ ደለል ያስነሳል። ለጎልድፊሽ የሚበቃ ማጣሪያ ለኮይ የማይበቃው በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

የናይትሮጅን ዑደት

ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የሚቀረው ናይትሮጅን በአብዛኛው በአሞኒያ መልክ በመተንፈሻ አካሉ በኩል ወደ ውኃው ይወጣል። የተረፈ ምግብ፣ ዓይነ ምድርና የበሰበሰ ቅጠልም አሞኒያ ይጨምራሉ። በማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩ እንደ ናይትሮሶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። እንደ ናይትሮስፓይራ ያሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ይህ ሂደት ናይትሪፊኬሽን ይባላል። በ1890 እ.ኤ.አ. አካባቢ ባክቴሪያዎቹን ለይቶ ሥራቸውን ያሳየው በኪዬቭ የተወለደው ሳይንቲስት ሰርጌ ቪኖግራድስኪ ነው።

የአሞኒያ መርዛማነት በውኃው ፒኤች እና ሙቀት ይወሰናል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ፒኤች 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማ በሆነው መልክ የሚገኘው 0.6 በመቶ ያህሉ ነው። ፒኤች 8 ሲሆን ወደ 5 በመቶ፣ ፒኤች 9 ሲሆን ደግሞ ከሲሶው በላይ ይደርሳል። ስለዚህ የመመርመሪያ ኪት የሚያሳየው አንድ ዓይነት የአሞኒያ መጠን በአንዱ ኩሬ ጉዳት ሳያደርስ በሌላው ዓሣ ሊፈጅ ይችላል። ናይትራይትም በዓሣው ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያዳክማል፤ ደሙንም ቡናማ ያደርገዋል።

ናይትሪፊኬሽን ኦክስጅንና አልካሊነት ይፈጃል። እያንዳንዱ 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ሲለወጥ 4.6 ግራም ገደማ ኦክስጅንና በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ 7.1 ግራም ገደማ አልካሊነት ይጠፋል።

ለምሳሌ 4,800 ሊትር በሚይዝ ኩሬ ውስጥ በድምሩ 4 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 5 ኮዮች አሉ እንበል። በቀን የክብደታቸውን 1 በመቶ፣ ማለትም 40 ግራም፣ 40 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ቢበሉ 1.5 ግራም ያህል የአሞኒያ ናይትሮጅን ያመነጫሉ። ማጣሪያ ከሌለ ይህ በየቀኑ በአንድ ሊትር 0.3 ሚሊ ግራም ይጨምራል። ያው ዓሣና ያው መኖ 1,000 ሊትር ብቻ በሚይዝ ኩሬ ውስጥ ቢሆን ጭማሪው በቀን 1.5 ሚሊ ግራም ይሆናል። ኩሬው ባነሰ ቁጥር ችግር ሲፈጠር ለማስተካከል ያለው ጊዜም ያጥራል።

የማጣሪያው ክፍሎች

መካኒካዊው ክፍል ጠጣር ቆሻሻን በወንፊት፣ በብሩሽ ወይም በስፖንጅ ይይዛል። ውኃው መጀመሪያ የሚያልፈው በዚህ ክፍል ነው። ቆሻሻው ወደ ቀጣዩ ክፍል ካለፈ የባክቴሪያዎቹን ማደሪያ ይሸፍንና ኦክስጅናቸውን ይሻማል።

ሥነ ሕይወታዊው ክፍል ባክቴሪያዎቹ ተጣብቀው የሚኖሩበት ነው። ማደሪያው ስፖንጅ፣ ሴራሚክ ወይም ብዙ ገጽ ያላቸው የፕላስቲክ ቁርጥራጮች ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ዋናው ነገር የገጽ ስፋት ነው። ለምሳሌ ኬ1 የሚባለው የፕላስቲክ ማደሪያ በአንድ ሜትር ኩብ 500 ሜትር ካሬ ያህል የተጠበቀ ገጽ አለው፤ 50 ሊትሩ 25 ሜትር ካሬ ይሰጣል ማለት ነው።

የአልትራቫዮሌት (ዩቪ) መብራት በብዙ ጥቅል ማጣሪያዎች ውስጥ ይገኛል። ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርጉትን ተንሳፋፊ አልጌዎች ይገድላል፤ አሞኒያን ግን አያስወግድም።

ዓይነቶች

የግፊት ማጣሪያ፦ ክዳኑ የሚታሸግ በርሜል ሲሆን ፓምፑ ውኃውን በግፊት ያሳልፍበታል። ከኩሬው ደረጃ ዝቅ ብሎ ሊቀመጥና ውኃውን ወደ ፏፏቴ ሊያነሳ ይችላል። ትንሽ ቦታ ይይዛል። ነገር ግን ማደሪያው ጥቂት ነው፤ ቶሎም ይደፈናል።

የሳጥን ማጣሪያ፦ ውኃው በተከታታይ ክፍሎች አልፎ በራሱ ክብደት ወደ ኩሬው ይመለሳል። ስለዚህ መውጫው ከኩሬው ውኃ ከፍ ማለት አለበት። ለማየትና ለማጽዳት ቀላል ነው።

ተንቀሳቃሽ ማደሪያ ያለው ማጣሪያ፦ የፕላስቲክ ቁርጥራጮቹ በአየር ፓምፕ ኃይል ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳሉ፤ እርስ በርስ በመፋተግም ራሳቸውን ያጸዳሉ። ዘዴው በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በኖርዌይ ለፍሳሽ ማከሚያ የተሠራ ነው። ከፊቱ ጥሩ መካኒካዊ ክፍል ያስፈልገዋል።

የዶቃ ማጣሪያ፦ በትናንሽ የፕላስቲክ ዶቃዎች የተሞላ ዝግ በርሜል ነው። ውኃውን በተቃራኒ አቅጣጫ በመልቀቅ ይታጠባል። ጠንካራ ፓምፕ ስለሚፈልግ የኤሌክትሪክ ወጪው ከፍ ይላል።

የሻወር ማጣሪያ፦ ውኃው በአየር ላይ በተደረደሩ ትሪዎች ላይ ይንጠባጠባል። ኦክስጅን በብዛት ያስገባል፤ ነገር ግን በቀዝቃዛ ሌሊት ውኃውን በፍጥነት ያቀዘቅዛል።

አመራረጥ

1. መጠን። በብዙ አምራቾች ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ዓሣ ለሌለበት ኩሬ የሚሆን ነው። ዝርዝሩ ሲነበብ ዓሣ ላለበት ኩሬ ግማሹ፣ ኮይ ላለበት ደግሞ ሩብ ያህሉ ብቻ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ከሆነ «እስከ 12,000 ሊትር» የተባለ ማጣሪያ ለኮይ የሚበቃው ለ3,000 ሊትር ነው። መታየት ያለበት ዓሣው ሲያድግ የሚኖረው ክብደትና የሚበላው መኖ ነው።

2. የፓምፕ ፍሰት። ለኮይ የኩሬው ውኃ በሙሉ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ አንዴ በማጣሪያው ማለፍ ይኖርበታል። ለ4,800 ሊትር ኩሬ ይህ በሰዓት ከ2,400 እስከ 4,800 ሊትር ነው። ፓምፑ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍሰት ውኃው ሽቅብ ሳይወጣ የሚለካ ስለሆነ ቱቦው በጠበበና ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር ትክክለኛው ፍሰት ይቀንሳል። ከማጣሪያው አቅም በላይ የሆነ ፓምፕም ቆሻሻውን እየገፋ ያሳልፈዋል።

3. የኤሌክትሪክ ወጪ። ፓምፑ ሌት ተቀን ይሠራል። 50 ዋት የሚወስድ ፓምፕ በዓመት 438 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ በግዢ ርካሽ የሆነው ፓምፕ በጊዜ ብዛት ውድ ሊሆን ይችላል።

4. ለማጽዳት መመቸት። ክዳኑ በቀላሉ የማይከፈት ወይም የደለል መውጫ የሌለው ማጣሪያ በጊዜው ሳይጸዳ ይቀራል።

5. ደኅንነት። ከውኃ አጠገብ የሚዘረጋ መስመር ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ የ30 ሚሊ አምፒር ብሬከር ሊኖረው ይገባል።

የአዲስ ማጣሪያ አጀማመር

አዲስ ማጣሪያ ቆሻሻ ቢይዝም አሞኒያን መለወጥ አይችልም። ባክቴሪያዎቹ በበቂ መጠን እስኪራቡ በሞቃት ውኃ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ጊዜው ይረዝማል። በመጀመሪያ አሞኒያ፣ ቀጥሎ ናይትራይት ከፍ ብሎ ይወርዳል። ብዙ አዳዲስ ኩሬዎች ዓሣ የሚያልቅባቸው በዚህ ወቅት ነው። መፍትሔው ጥቂት ዓሣ ብቻ ማስገባት፣ መኖ መቀነስ፣ ውኃውን በየሁለት ቀኑ መመርመርና ቁጥሩ ሲወጣ ከፊሉን መቀየር ነው። ናይትራይት ሲጨምር በ1,000 ሊትር 1 ኪሎ ግራም ጨው ማሟሟት ወደ ዓሣው ደም እንዳይገባ ይከላከላል።

ከቆየ ማጣሪያ የተወሰደ ስፖንጅ ጊዜውን ያሳጥራል። ይሁን እንጂ እንደ ኮይ ሄርፐስ ቫይረስ ያለ በሽታ አብሮ ሊመጣ ስለሚችል የኩሬው ጤንነት መታወቅ አለበት።

እንክብካቤ

በየቀኑ የውኃው ፍሰት አለመቀነሱና የዓሦቹ አመጋገብ ይታያል። በ5 ደቂቃ ውስጥ ያልተበላ መኖ ይወጣል።

በየሳምንቱ ደለል በመውጫው ይለቀቃል፣ መካኒካዊው ክፍል ይታጠባል፣ ከኩሬው ውኃም 10 በመቶ ያህሉ ይቀየራል። አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ፒኤች እና አልካሊነት ይለካሉ። አሞኒያና ናይትራይት በበሰለ ማጣሪያ ውስጥ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የቀረቡ መሆን አለባቸው።

የባክቴሪያ ማደሪያው የሚታጠበው ውኃ ማለፍ ሲከብደው ብቻ ነው። ከኩሬው በተቀዳ ውኃ በባልዲ ውስጥ ቀለል አድርጎ ማለቅለቅ ይበቃል። በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ይገድላል፤ ሳሙናና በረኪናም እንዲሁ። ሁሉንም ማደሪያ በአንድ ቀን ማጠብ ወይም መቀየር ማጣሪያውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ስለዚህ በየተራ፣ በጥቂት ሳምንት ልዩነት ይሠራል።

በዓመት አንዴ የዩቪ አምፖሉ ይቀየራል። ከዓመት በኋላ መብራቱ ቢታይም አልጌ የሚገድለው ጨረር ደክሞ ይገኛል። አምፖሉን የሚሸፍነው የመስታወት ቱቦም ከተጠራቀመበት ነጭ ቅርፊት ይጸዳል። ጨረሩ ዓይን ስለሚጎዳ ማጣሪያው ከመከፈቱ በፊት ኤሌክትሪኩ ይነቀላል።

የተለመዱ ችግሮች

የፒኤች ድንገተኛ መውረድ፦ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ማጣሪያው በቀን 10.7 ግራም ያህል አልካሊነት ይፈጃል፤ ይህም በሊትር 2.2 ሚሊ ግራም ነው። ውኃው 60 ሚሊ ግራም አልካሊነት ብቻ ካለውና ካልተቀየረ በ27 ቀን ገደማ ያልቃል። ከዚያ ፒኤች በድንገት ይወርዳል፣ ባክቴሪያዎቹም ሥራ ያቆማሉ። ውኃ መቀየርና ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ በየጊዜው መጨመር ይከላከለዋል።

ከጽዳት በኋላ የአሞኒያ መውጣት፦ ማደሪያው ከመጠን በላይ እንደታጠበ ያመለክታል። መኖ ለጥቂት ቀን ይቆማል፤ ውኃም ይቀየራል። ለጊዜው አሞኒያን የሚይዝ ዚዮላይት መጠቀም ይቻላል። ሆኖም ጨው በገባበት ኩሬ ውስጥ ዚዮላይት የያዘውን አሞኒያ መልሶ ይለቃል።

አረንጓዴ ውኃ፦ ብዙ ፀሐይና ብዙ መኖ ሲገናኙ ይከሰታል። የዩቪ አምፖሉ ዕድሜና የውኃው ፍጥነት ይፈተሻሉ፤ በጣም በፍጥነት የሚያልፍ ውኃ በቂ ጨረር አያገኝም።

ከፍታና የኤሌክትሪክ መቋረጥ

ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ከፍ በተባለ ቁጥር ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በባሕር ጠለል ላይ ያለ ውኃ በሊትር እስከ 9.1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ እንደ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቦታ የሚይዘው 6.8 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ዓሦቹም ባክቴሪያዎቹም የሚጋሩት ይህንኑ በመሆኑ በደጋ አካባቢ የአየር ፓምፕ ወይም ፏፏቴ ያስፈልጋል። ሌሊት ውኃው ሲቀዘቅዝ የባክቴሪያዎቹ ሥራ ይዘገያል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ደግሞ በእጅጉ ስለሚደክም መኖ ይቀነሳል።

መብራት ሲጠፋ በዝግ ማጣሪያ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ባክቴሪያዎቹ መሞት ይጀምራሉ፣ ውኃውም ይሸታል። መብራት ሲመለስ ፓምፑ በራሱ ተነሥቶ ያንን ውኃ ወደ ኩሬው ቢገፋ ዓሦቹን ይመርዛል። ስለዚህ መብራቱ ለሰዓታት ከቆየ ፓምፑ ይነቀላል፤ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ውኃ ተደፍቶ ማደሪያው በኩሬ ውኃ ከተለቀለቀ በኋላ ይነሣል። ማደሪያውን አውጥቶ እርጥበቱ ሳይደርቅ አየር በሚያገኝበት ቦታ ማቆየትም ባክቴሪያዎቹን ያተርፋል። በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የአየር ፓምፕ በዚያ ጊዜ ለዓሦቹ መተንፈሻ ይሆናል። መብራቱ እስኪመጣና ማጣሪያው እስኪያገግም መኖ አይሰጥም።