አበባ የማታውቀው ሐረግ

ለምለም ነገር ከኢትዮጵያዊ ቤት ርቆ አያውቅም። ቡና ሲፈላ ቄጤማ ይጐዘጐዛል፤ ዘመን ሲለወጥ አደይ አበባ ደጃፉን አልፎ ይገባል፤ ሽማግሌ ሲመርቅ «ለምልሙ» ይላል። በየአዳራሹ ግብር ሲበላ ወለሉን ያለብሰው የነበረውም ይኸው እርጥብ ሣር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ልምላሜ እንግዳ እንጂ ቤተኛ አልነበረም። ታጭዶ ይገባል፤ ውሎ ይጠወልጋል፤ በማግስቱ በመጥረጊያ ተጠርጎ ይወጣል። ሥር ይዞ፣ ውሃ እየጠጣ፣ ክረምትና በጋን ከቤተሰቡ ጋር የሚቈጥር ተክል በእልፍኝ መኖር የጀመረው ቤቱ ራሱ ከተለወጠ በኋላ ነው።

የወሎ ደጋ ገበሬ የድንጋይና የጭቃ ቤት የታነጸው ብርድንና ነፋስን ለመከላከል ነውና ብርሃን የሚገባው በአብዛኛው በበሩ ነበር። ጤና አዳሙም አሪቲውም ቦታቸው ጓሮ ነው። ንጉሥ ሚካኤል መናገሻቸው ያደረጓት ደሴ እየሰፋች ስትሄድ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የፋሺስት ወረራ ዘመን በፒያሳና በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰፋፊ መስኮት ያላቸው ቤቶች ሲሠሩ፣ ከዚያም በኋላ የቆርቆሮ ጣሪያና የመስታወት መስኮት በከተሜው ዘንድ ሲለመዱ የቤቱ ውስጥ አየር ተለወጠ። መስታወት ብርሃኑን አስገብቶ ብርዱን በደጅ አስቀረ። ተክል ወደ እልፍኝ የገባው በዚህ በር ነው።

የመስታወት ውለታ በዚህ አያበቃም። ናትናኤል ዋርድ የተባለ የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1829 በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ቡቃያ ሳይደርቅ መቈየቱን አስተዋለ። ከዚያ በመነሣት ያሠራው የመስታወት ሣጥን በ1833 ተክሎችን ይዞ እስከ አውስትራሊያ ተጓዘ። ከዚያ ወዲህ የሞቃት አገር ተክል በመርከብ ወለል ላይ በጨው ውሃ ርጭት መሞቱ ቀረ፤ የሩቅ ደሴቶች ቅጠልም በአውሮፓ ቤቶች ገባ።

ዛሬ በደሴና በኮምቦልቻ መስኮቶች ዳር ከጣሳና ከማሰሮ ቁልቁል የምትንዠረገገው ሐረግም መነሻዋ እንዲሁ ሩቅ ነው። ፖቶስ በሚል ስም የታወቀችው፣ በአረንጓዴ መደብ ላይ ቢጫና ነጭ የተረጨባት ይህች ተክል የትውልድ አገሯ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ያለችው የሞኦሬአ ደሴት ናት። በዱር ስትሆን ዛፍ ለዛፍ እስከ 20 ሜትር ትወጣለች፤ ቅጠሏም የአንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። በቤት ውስጥ ግን የምትወጣበት ስታጣ ትወርዳለች፤ ቅጠሏም ከሰው መዳፍ ብዙ አይበልጥም።

የዚህች ሐረግ እንቆቅልሽ አለማበቧ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 በቤልጅግ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ስም ሲወጣላት ሊቃውንቱ የተመለከቱት ቅጠሏን ብቻ ነበር። የተክል ዘመድ የሚታወቀው በአበባው ነውና ስሟ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲንከራተት ኖረ። በ1962 አብባ ከታየች በኋላ ነው በ1964 ኤፒፕሬምነም ከሚባለው ወገን የተመደበችው። ከዚያ ወዲህ ሰው በሚያሳድጋት ስፍራ ሁሉ በራሷ ጊዜ አበበች ለማለት አይቻልም። በ2016 የወጣ ጥናት ምክንያቱን ገለጠ፤ ጂበርሊን የተባለውን፣ ተክልን ለአበባ የሚያበቃውን ንጥረ ነገር የምትሠራበት ዘረመል አይሠራም። በሌላ አነጋገር፣ በዓለም ቤቶች ሁሉ የምትገኘው ይህች ሐረግ ከዘር አልበቀለችም። ቈርጦ የሰጠ ሰው ባይኖር ኖሮ ከአንድ ቤት ወደ ሌላው አታልፍም ነበር።

እንግዲህ እንክብካቤዋን የሚወስነው የምትኖርበት ከተማ ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል በ2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ የምትገኘው ኮምቦልቻ ከእርሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ይህ ብቻ በሙቀት የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ያመጣል። ስለዚህ አንዲት እናት ከደሴ ቈርጣ ለኮምቦልቻ ልጇ የላከችው ሐረግ በሁለቱ ቤት አንድ ዓይነት ኑሮ አትኖርም። የደሴዋ ጠላት ብርድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከመስታወቱ ፈንጠር ማለት አለባት፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉም ደግሞ ውሃ ሊቀነስላት ይገባል፤ ቀዝቃዛና ርጥብ አፈር ሥሯን ያበሰብሰዋልና። የኮምቦልቻዋ ጠላት የቀትር ፀሐይ ነው። ነጩ የቅጠሏ ክፍል ሐመልሚል የሌለው በመሆኑ ቶሎ ይለበለባል፤ ስስ መጋረጃ ያሻታል።

ብርሃን መንሣትም ሌላ ጉዳት አለው። ነብር ዥንጉርጉርነቱን አይለውጥም ይባላል፤ ይህች ሐረግ ግን ትለውጣለች። ጨለማ ጥግ ከተቀመጠች አዲስ የምታወጣው ቅጠል እየዋለ እያደረ አረንጓዴ ብቻ ይሆናል። ምግብ የሚያዘጋጀው አረንጓዴው ነውና ችግር ሲመጣ ጌጧን ጥላ ሕይወቷን ታተርፋለች። መልኳ እንዲመለስ የሚሻ ሰው ወደ ብርሃን ያቀርባታል፤ ንጹሕ አረንጓዴ የሆነውንም ቅርንጫፍ ይቈርጣል።

የቀረው ቀላል ነው። መረሬ አፈር ብቻውን ውሃ ስለሚይዝ አሸዋና የበሰለ ፍግ ይቀላቀልበታል፤ የጣሳው ታች ይበሳል። ጣት ወደ አፈሩ ገብቶ ደረቅ ሲያገኝ እንጂ በቀን ቈጠራ ውሃ አይፈስላትም። የከሰልና የዕጣን ጢስ በቅጠሉ ላይ የሚያስቀምጠው ጥላት በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ጭማቂዋ አፍንና ጕሮሮን የሚያቃጥሉ መርፌ መሰል ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉበትና ሕፃንና ድመት ከማይደርሱበት ስፍራ ትሰቀላለች። ለማራባት ከአንጓው ዝቅ ብሎ ተቈርጦ በውሃ ብርጭቆ ይቀመጣል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነጭ ሥር ይወጣል፤ በደሴ ብርድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ይህ የመቁረጥና የመስጠት ልማድ ከጌጥ የሚያልፍ ትርጕም እንዳለው ደሴ በራሷ ታሪክ ታውቃለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት አውሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ደበደቡ። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነት ሁለቱን ከተሞች ሲደርስ ብዙ ሰው በሩን ዘግቶ፣ ያልተዘጋውንም ትቶ ወጣ። ከተሞቹ በመንግሥት ኃይል እጅ መመለሳቸው የተነገረው ኅዳር 27 ቀን ነበር፤ በ86 ዓመት ልዩነት፣ በአንድ ቀን ፈቀቅ ብሎ። የደሴ ሙዚየም በዚያን ጊዜ ተዘርፏል። በአንድ ስፍራ የተቀመጠ፣ ሁለተኛ የሌለው ቅርስ ከሄደ የሚተካው የለም።

በመስኮት ዳር የቀረች ሐረግ ነገር ግን ሌላ ነው። ከአምስት ሳምንት ጥም በኋላ ቅጠሏ ረግፎ እንኳ ቢገኝ፣ አንጓዋ አረንጓዴ እስከ ሆነ ድረስ ውሃ ሲነካት ታቈጠቍጣለች። ፈጽማ ብትደርቅም ባለቤቷ ቀድሞ ቈርጦ የሰጠው ጎረቤት ወይም ኮምቦልቻ ያለች እኅት ካለች፣ ያችው ሐረግ፣ ምሳሌዋ ሳትሆን ራሷ፣ በሌላ ጣሳ አለች። የሰጠ ሰው ያን ጊዜ ተቀባይ ይሆናል። አበባ የማታውቀው ሐረግ ከአንዲት ደሴት ተነሥታ ሐረጎን የወጣችው በዚህ መንገድ ነው፤ ማንም ለብቻው ስላልያዛት አልጠፋችም።